ስድስቱ ነጥቦች
(የሉዊስ ብሬል የሕይወት ታሪክና ለእኛ ያለው ትምህርት)



በየሰፈራችንና በየትምህርት ቤታችን አንድ የቆየ መጥፎ ልማድ አለ። አንድ ልጅ ሲያነክስ ያየን እንደሆነ፣ ወይም ዓይኑ የማያይ፣ ጆሮው የማይሰማ፣ አንደበቱ የሚንተባተብ ከሆነ፣ ወላጆቹ ያወጡለትን ስም ትተን በጉድለቱ እንጠራዋለን። አንዱ አረማመዱን አስመስሎ ይሄዳል፤ ሌላው በትሩን ይደብቅበታል፤ የቀረነው ዙሪያውን ቆመን እንስቃለን። ለኳስ ጨዋታ ቡድን ሲመረጥ ስሙን የሚጠራ የለም። መዝሙር ሲጠና ጥናቱን ያስተጓጉላል ተብሎ ከኋላ እንዲቀመጥ ይደረጋል። ይህን ለምን ታደርጋላችሁ ብለው ሲጠይቁን መልሳችን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቀልድ ነው እንላለን።

ነገር ግን ቀልዱ ቀልድ የሚሆነው ለቀላጁ ብቻ ነው። የሚቀለድበት ልጅ ማታ ቤቱ ገብቶ ብቻውን ያለቅሳል፤ ቀስ በቀስም ከሰው መካከል መውጣትን ይፈራል። በዚህ ምክንያት ስንት ልጅ ከትምህርት እንደ ቀረና ስንት ተሰጥዖ ሳይታይ እንደ ተቀበረ የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው። ይህን በደንብ ለመረዳት የአንድ ዓይነ ስውር ሰው ሕይወት እንመልከት። ሰውየው ከሞተ ከ170 ዓመት በላይ ቢሆነውም ስሙን የማያውቅ አገር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እርሱም ሉዊስ ብሬል ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉ ሲስቅ ያልሳቀው ሰው

የሉዊስ ብሬልን ታሪክ ለመጀመር ከመወለዱ 38 ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1771 ዓ.ም. በፈረንሳይ ዋና ከተማ በፓሪስ ትልቅ የበዓል ገበያ ቆሞ ነበር። በዚያ ገበያ ውስጥ የነበረ አንድ ቡና ቤት ደንበኛ ለመሳብ ብሎ ዓይነ ስውራንን ሰብስቦ የሙዚቃ ጓድ አደረጋቸው። ረዣዥም ቀሚስና ሾጣጣ ቆብ አለበሳቸው፤ ከካርቶን የተሠራ ትልቅ መነጽር በዓይናቸው ላይ አደረገላቸው። ማንበብ የማይችሉትን የኖታ ወረቀት በፊታቸው ዘረጋ፤ ከአጠገቡም ሻማ አበራላቸው። እነርሱም መሣሪያቸውን ያለ ስልት ሲገዘግዙ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ሕዝቡ በሳቀ ቁጥር ባለ ቡና ቤቱ ገንዘብ ሰበሰበ።

ከተመልካቾቹ መካከል ቫለንቲን ሃዊ የሚባል የ25 ዓመት ወጣት ነበር። እርሱ ግን አልሳቀም። ባየው ነገር እጅግ አዘነ፤ አፈረም። እነዚህ ሰዎች መሣቂያ የሆኑት ዓይናቸው ስለ ጠፋ ሳይሆን የሚያስተምራቸው ስለ ጠፋ መሆኑን ተረዳ። ይህ ሐሳብ ለዓመታት ከልቡ ሳይወጣ ቆየ። በመጨረሻም በ1784 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይለምን የነበረ ፍራንሷ ልዝዩር የሚባል ዓይነ ስውር ወጣት ወስዶ፣ ጎላ ብለው የሚዳሰሱ ፊደላትን በጣቱ እያስነካ ማንበብ አስተማረው። ቀጥሎም በ1785 ዓ.ም. በፓሪስ ለዓይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። በዓለም ላይ የዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጀመሪያው ነበር።

ልብ እንበል። ያን ቀን በመቶ የሚቆጠር ሰው ሳቀ፤ ከሳቁት የአንዱም ስም ዛሬ አይታወቅም። የታወቀው ያልሳቀው ነው።

የኮርቻ ሠሪው ልጅ

ሉዊስ ብሬል ጥር 4 ቀን 1809 ዓ.ም. ኩቭሬ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። መንደሯ ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አባቱ ሲሞን ረኔ ብሬል ኮርቻና ልጓም እየሠራ የሚተዳደር ባለ እጅ ነበር። ሉዊስ ለቤቱ አራተኛና የመጨረሻ ልጅ ነው።

ሦስት ዓመት ሲሆነው አንድ ቀን ወደ አባቱ የሥራ ቤት ገባ። እንደማንኛውም ሕፃን አባቱ የሚያደርገውን ለማድረግ ፈልጎ ቆዳ መብሻ የሆነውን ወስፌ አንሥቶ ቆዳውን ሊወጋ ሲታገል ወስፌው አድጦት ዓይኑን ወጋው። በዚያ ዘመን ቁስል እንዳያመረቅዝ የሚከላከል መድኃኒት ስላልነበረ በሽታው ወደ ሁለተኛው ዓይኑ ተላለፈ። አምስት ዓመት ሲሞላው ሁለቱም ዓይኖቹ ፈጽመው ጠፉ።

በዚያን ጊዜ በድኃ ቤተሰብ ውስጥ ዓይኑ የጠፋ ልጅ ዕድሉ የታወቀ ነበር፤ ከጥግ ተቀምጦ መጦር፣ ካልሆነም መለመን። የብሬል ቤተሰብ ግን ይህን ዕድል አልተቀበለም። አባቱ ከእንጨት በትር ጠርቦ ሰጠው፤ እርሱም በበትሩ መንገዱን እየነካካ በመንደሩ ውስጥ ብቻውን መሄድ ተማረ። በእንጨት ላይ ሚስማር በፊደል ቅርጽ እየመታ ፊደል በጣቱ እንዳስለየውም ይነገራል። በቤት ውስጥም እንደ እኅቶቹና እንደ ወንድሙ ሥራ ይሰጠው ነበር እንጂ አይችልም ተብሎ አልተተወም።

ወደ መንደሩ የመጡት ቄስ ዣክ ፓሉይ የልጁን አእምሮ ፈጣንነት አይተው ራሳቸው ያስተምሩት ጀመር። ይሁን እንጂ ልጁን ለብቻው ማስተማር ብቻ በቂ ሆኖ አልታያቸውም። ስለዚህ ከሌሎች ልጆች ጋር እንዲማር የመንደሩን መምህር አንቷን ቤሸሬን ለመኑት። መምህሩም ተቀበለው። ጠዋት ጠዋት አንድ የጎረቤት ልጅ እጁን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይወስደው እንደ ነበር ይተረካል። የዚያ ልጅ ስም እንደ ብሬል ስም በዓለም አልተጠራም፤ ነገር ግን ያ ትንሽ እጅ ባይዘረጋ ኖሮ ታሪኩ ምን ይሆን ነበር?

ሉዊስ በክፍል ውስጥ የሚነገረውን ሁሉ ሰምቶ በቃሉ በመያዝ ከጎበዞቹ ተማሪዎች አንዱ ሆነ። በአገራችንም በየቅኔ ቤቱና በየዜማ ቤቱ ብዙ ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ትምህርታቸውን በጆሯቸው ሰምተው በቃላቸው ይዘው መምህራን እስከ መሆን መድረሳቸውን እናውቃለን። ሉዊስን የሚያሳዝነው ግን አንድ ነገር ነበር። ጓደኞቹ መጽሐፍ ሲገልጡ እርሱ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። ከክፍሉ ገብቷል፤ ከመጽሐፉ ግን ውጭ ነው።

በፓሪስ ትምህርት ቤት

የአካባቢው ባላባት የሆኑት የኦርቪሊዬ መስፍን በረዱት እርዳታ፣ ሉዊስ በየካቲት ወር 1819 ዓ.ም. በአሥር ዓመቱ ቫለንቲን ሃዊ ወዳቋቋመው ትምህርት ቤት ገባ። ሕንፃው አሮጌ፣ ጨለማና እርጥበት የበዛበት ነበር፤ ምግቡም ጥሩ አልነበረም፤ ቅጣቱም ይበዛ ነበር። ሉዊስ በኋላ የገደለውን የሳንባ ነቀርሳ ያገኘው ከዚያ እርጥብ ቤት ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ሆኖም ከባድ ኑሮ ቢሆንም የልብ ወዳጅ አገኘበት፤ እርሱም እንደ እርሱ ዓይነ ስውር የሆነው ጋብርኤል ጎቲዬ ነው።

በትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ነበሩ። መጻሕፍቱ የታተሙት እኛ በምናውቀው የላቲን ፊደል ሆኖ ፊደሉ ከወረቀቱ ላይ ጎላ ብሎ እንዲዳሰስ ተደርጎ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ፊደል ትልቅ መሆን ስላለበት መጽሐፉ እጅግ ከባድ ነበር፤ ቁጥሩም ጥቂት ነው። ተማሪው አንዱን ፊደል ዙሪያውን ዳስሶ ወደ ሁለተኛው እስኪደርስ የመጀመሪያው ይጠፋበታል። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ በዚህ መንገድ ማንበብ እንጂ መጻፍ አለመቻሉ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እነዚያን መጻሕፍት ያዘጋጁት ሰዎች ደጎች ነበሩ። ሆኖም ፊደሉን የመረጡት ዓይን እንዲያየው እንጂ ጣት እንዲያነበው ተደርጎ ስላልነበረ ለልጆቹ አልተመቸም። መርዳት አንድ ነገር ነው፤ የሚረዳውን ሰው ምን ይሻልሃል ብሎ መጠየቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ስድስት ነጥብ

በ1821 ዓ.ም. ሻርል ባርቢዬ የሚባል የቀድሞ የመድፈኛ ጦር መኮንን የፈለሰፈው የነጥብ ጽሕፈት ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። ወታደሮች ሌሊት መብራት ሳያበሩ መልእክት እንዲለዋወጡበት ታስቦ እንደ ነበረ ይተረካል። አሠራሩ በወፍራም ወረቀት ላይ በሹል መውጊያ ነጥብ መውጋት ነው፤ ጣት ነጥቡን ዳስሶ ያነባል። ነገር ግን አንዱ ምልክት እስከ 12 ነጥብ ስለሚደርስ ከጣት ጫፍ በላይ ይሆናል። ደግሞም የሚጽፈው ድምፅን ብቻ ስለሆነ ትክክለኛውን የፊደል አጻጻፍ፣ ሥርዓተ ነጥብንና ቁጥርን አያሳይም ነበር።

የ12 ዓመቱ ሉዊስ ነገሩ ገባው። ለጣት የሚስማማው መስመር ሳይሆን ነጥብ ነው፤ ነጥቡ ግን መቀነስ አለበት። ቀን ትምህርቱን እየተማረ፣ ሌሊት ሌሎች ሲተኙ፣ በዕረፍት ጊዜም መንደሩ ሄዶ ሲመለስ ወረቀቱንና መውጊያውን አልለየም። ሦስት ዓመት ያህል ከደከመ በኋላ በ1824 ዓ.ም. በ15 ዓመቱ ሥራውን ፈጸመ። 12 የነበረውን ነጥብ ወደ 6 አወረደው፤ ሦስቱ በግራ፣ ሦስቱ በቀኝ። ስድስቱ ነጥቦች በአንድ የጣት ጫፍ ሥር ይገባሉ። በልዩ ልዩ መንገድ ሲቀናጁ 63 ምልክት ይሰጣሉ፤ በዚህም ፊደል፣ ቁጥር፣ ሥርዓተ ነጥብና የሙዚቃ ኖታ ይጻፋል።

ልጅነቱን ያሳወረው ወስፌ ነበር፤ ለወገኖቹ የንባብ በር የከፈተውም ወስፌ በሚመስል መውጊያ ነው።

በ1829 ዓ.ም. ሥራውን በመጽሐፍ አሳትሞ አወጣ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥም የመጀመሪያው ሐሳብ የባርቢዬ መሆኑን በግልጽ መስክሮ አመሰገነው። ሰው የሌላውን ድካም የራሱ አድርጎ በሚያወራበት ዓለም ይህ ትሕትና የሚደነቅ ነው።

ብሬል በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ሰዋስው፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብና ሙዚቃ አስተማረ። በፓሪስ አብያተ ክርስቲያናትም ኦርጋን ይመታ ነበር። ተማሪዎቹን በቁጣ ሳይሆን በፍቅር ይመራቸው ነበር ይባላል። በ1839 ዓ.ም. ደግሞ ዓይነ ስውራን ዓይናቸው ለሚያይ ወላጆቻቸውና ጓደኞቻቸው ደብዳቤ የሚጽፉበትን ሌላ መንገድ አወጣ። ይህም ነጥቦችን በተለመደው ፊደል ቅርጽ መደርደር ነው። ቀጥሎም ፒየር ፉኮ የተባለ ዓይነ ስውር ወዳጁ ይህን ጽሕፈት የሚያቀልል መሣሪያ ሠራ። ብሬል የፈለገው ዓይነ ስውራን ለብቻቸው የሚኖሩበትን ዓለም አልነበረም፤ ከሁሉ ጋር የሚነጋገሩበትን ነበር።

የተከለከለው ጽሕፈት

ይህ ሁሉ ሲሆን ትምህርት ቤቱ ጽሕፈቱን በይፋ አልተቀበለውም ነበር። ብሬልን ይደግፉት የነበሩት ዳይሬክተር ፒኜ በ1840 ዓ.ም. ከሥራ እንዲወጡ ተደረገ። በቦታቸው የተተኩት ዱፎ የነጥቡን ጽሕፈት አልወደዱትም። ምክንያቱም ዓይነ ስውራን ዓይናቸው የሚያይ ሰዎች የማያውቁት ፊደል ቢኖራቸው ከሕዝቡ ይለያሉ የሚል ነበር። ስለዚህ ጎላ ብሎ የታተመው የላቲን ፊደል እንዲቀጥል፣ የብሬል ጽሕፈት ግን በክፍል ውስጥ እንዳይሠራበት አደረጉ።

ተማሪዎቹ ምን አደረጉ? በቀን የታዘዙትን ያነባሉ፤ በሌሊት ተደብቀው በነጥብ ይጻጻፋሉ። መውጊያቸው ሲወሰድባቸው በሚስማርና በሹራብ መሥሪያ መርፌ ይጽፉ እንደ ነበር ይተረካል። ትልቁ ልጅ ለትንሹ እያስተማረ ጽሕፈቱ እንዳይጠፋ ጠበቁት። በመጨረሻ የዱፎ ረዳት የነበሩት ጓዴ ይህ ነገር ለልጆቹ የሚጠቅም መሆኑን ተረድተው አለቃቸውን አሳመኑ። በየካቲት 1844 ዓ.ም. አዲሱ ሕንፃ ሲመረቅ፣ በተሰበሰበው እንግዳ ፊት ተማሪዎች በነጥብ ጽፈው በጣታቸው አነበቡ። ብሬልም በ35 ዓመቱ፣ በሕመም ደክሞ ሳለ፣ የሥራውን መታወቅ በጆሮው ሰማ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ከባድ ነው። አንድን ሰው የሚያገልለው ክፉ ሰው ብቻ አይደለም። እኔ አውቅልሃለሁ የሚል ደግ ሰውም ያገልላል።

ሉዊስ ብሬል ጥር 6 ቀን 1852 ዓ.ም. በሳንባ ነቀርሳ ዐረፈ፤ 43 ዓመት ከሞላው ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ከሞቱ በኋላ ሳይከፈት እንዲቃጠል ያዘዘው አንድ ትንሽ ሣጥን እንደ ተገኘ ይነገራል። ሲከፍቱት ለችግረኛ ተማሪዎችና ወዳጆች ያበደረው ገንዘብ የተመዘገበበት ወረቀት ሆኖ አገኙት። ባለ ዕዳዎቹ እንዳያፍሩ ብሎ ነው። በልጅነቱ የሚያፍርበትን ኑሮ ያየ ሰው ማንንም ሊያሳፍር አልወደደም።

በሞተ ጊዜ የፓሪስ ጋዜጦች ስሙን አላነሡም። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1854 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ ጽሕፈቱን በይፋ ተቀበለ። መቶ ዓመት ሲሞላው በ1952 ዓ.ም. ግን የፈረንሳይ መንግሥት ዐፅሙን ከመንደሩ አንሥቶ የአገሪቱ ታላላቅ ሰዎች በሚቀበሩበት በፓንቴዎን አሳረፈው፤ እጆቹ ግን በትውልድ መንደሩ እንዲቀሩ ተደረገ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም የተወለደበትን ቀን፣ ጥር 4ን፣ የዓለም የብሬል ቀን ብሎ ሰይሞ ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ይከበራል።

ጽሕፈቱ ወደ እኛም ፊደል ደርሷል። የእኛ ፊደል ከሀ እስከ ፐ በየሰባት ቤቱ ሲቆጠር 231 ይሆናል፤ ከስድስት ነጥብ የሚወጣው ምልክት ግን 63 ብቻ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው በየራሳቸው ምልክት ይጻፋሉ። ዛሬ ዓይነ ስውር የሆኑ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በዚህ ጽሕፈት ተምረው መምህራን፣ የሕግ ባለሙያዎችና ጸሐፊዎች ሆነዋል።

እኛስ?

ወጣት ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አንዳንድ ሰዎች የአካል ጉዳት የእርግማን ወይም የኃጢአት ምልክት ነው ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዓይነ ስውሩ ሰው ይህንኑ በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታ የእርሱም የወላጆቹም ኃጢአት አለመሆኑን ነግሯቸዋል። እኛ ከዚህ የተለየ ነገር ለመናገር ማን ነን?

እንግዲህ ከብሬል ሕይወት የምንወስደው ወደ ሥራ የሚለወጥ ነገር መሆን አለበት።

አንደኛ፣ አንዱ በአካል ጉዳተኛ ልጅ ላይ ሲያላግጥ አንሳቅ። ፌዘኛው የሚፈልገው የእኛን ሳቅ ነው፤ የፓሪሱ ቡና ቤት ገንዘብ ያገኘው ሕዝቡ ስለ ሳቀ ነው። ሳቁ ከቀረ ፌዙም ይቀራል። ከቻልን ወደ ተፌዘበት ልጅ ሄደን አጠገቡ እንቁም። የሚመታ ወይም የሚያስፈራራ ካለ ደግሞ ለመምህር ወይም ለወላጅ እንንገር፤ ይህ ነገር ማመላለስ አይደለም፤ ወንድምን መጠበቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ልጁን በስሙ እንጥራው።

ሦስተኛ፣ ሳንጠይቅ አንወስንለት። ዓይነ ስውር የሆነውን ሰው በድንገት ክንዱን ይዘን አንጎትተው፤ ልርዳህ ወይ ብለን እንጠይቀው፤ ከፈቀደ እርሱ ክንዳችንን ይያዝ። ጆሮው የማይሰማ ከሆነ ፊታችንን እንዲያይ ወደ እርሱ ዞረን እንነጋገር። ንግግሩ የሚንተባተብ ከሆነ ቃሉን አንንጠቀው፤ እስኪጨርስ እንታገሠው።

አራተኛ፣ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ቦታ እንስጥ። በመዝሙሩ፣ በድራማው፣ በጥያቄና መልስ ውድድሩ ከእኛ እንደ አንዱ ይግባ። ደረጃ መውጣት የማይችል ጓደኛ ካለን ስብሰባችንን ወደ ታችኛው ክፍል ማውረድ ምን ያስቸግራል? መጽሐፍ ማንበብ ለማይችለው ጓደኛ በሳምንት አንድ ሰዓት ማንበብስ?

ዛሬ ከሰፈራችን ከቤት ያልወጣ፣ ጎረቤት እንዳያየው የተደበቀ አንድ ልጅ ይኖራል። በሚመጣው እሑድ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ስንመጣ በዚያ ቤት ደጅ እንለፍ፤ ወላጆቹን አስፈቅደን ልጁም ከወደደ አብረን ይዘነው እንምጣ። የኩቭሬው ጎረቤት ልጅ ያደረገው ከዚህ የበለጠ አልነበረም።